ዋንጫው እሷ ከሄደች በኋላ መጣ፦ የአንዲት የሴቶች ቀዘፋ አሰልጣኝ ጉዳይ

## ለምን ይህ ጉዳይ

አንድን ቡድን ከዜሮ ያቋቋመ ሰው በምን ይመዘናል? በስፖርት ዓለም መልሱ አጭር ነው፤ በዋንጫ። ያመጣ ይሞገሳል፣ ያላመጣ ይሰናበታል። ይህ ሚዛን የት ላይ እንደሚስት ከሚያሳዩ ታሪኮች መካከል ከዚህ በታች ያለው አንዱ ነው። በደንብ ተመዝግቦ ቢቀመጥ ጥሩ ነው ብዬ አስባለሁ።

ባለታሪኳ አሜሪካዊት ናት። በሦስት ዩኒቨርሲቲዎች የሴት ተማሪዎችን የቀዘፋ ቡድን አሠልጥናለች። የሰዎቹን ስም ሆን ብዬ ትቻለሁ። ስፖርቱን የሚከታተል ሰው ማን እንደሆነች ቶሎ ይደርስባታል፤ ምንም አይደለም። ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

## ቀዘፋን ለማያውቅ አንባቢ

የእኛ አገር ሰው ቀዘፋ ሲባል ጣና ላይ የምትሄደው ታንኳ ናት የምትታየው። ይሄኛው ሌላ ነው። ዋናው የውድድር ጀልባ ስምንት ቀዛፊዎችና አንድ መሪ ይይዛል። ርዝመቱ ወደ 18 ሜትር ይጠጋል። ክብደቱ ግን ደንቡ እስከ 96 ኪሎ ድረስ እንዲቀል ይፈቅዳል። ስምንቱ ሴቶች ራሳቸው ትከሻቸው ላይ ተሸክመው ውኃው ላይ ያኖሩታል።

ቀዛፊዎቹ የሚቀመጡት ለሚሄዱበት አቅጣጫ ጀርባቸውን ሰጥተው ነው። መንገዱን የምታየው መሪዋ ብቻ ናት። መቀመጫው በሐዲድ ላይ ይንሸራተታል። ለዚህ ነው ሰው ሁሉ የክንድ ስፖርት ቢመስለውም ዋናው ጉልበት ከእግር የሚመጣው።

ከስምንቱ አንዷ መቅዘፊያዋን ከውኃ ለማውጣት ለቅጽበት ብትዘገይ ውኃው ይይዝባታል። እጀታው ተመልሶ ሆዷን ወይም ደረቷን ይመታታል። ጀልባው በፍጥነት እየሄደ ከሆነ ከመቀመጫዋ ነቅሎ ሊወረውራት ሁሉ ይችላል። የሰባቱ ጓደኞቿ ልፋትም እዚያው ላይ ገደል ይገባል። ጀማሪ ስትሆን ደግሞ የመዳፏ ጉዳይ አለ። ውኃ ይቋጥራል፣ ይፈነዳል፣ ሳይድን እንደገና ይቋጥራል። በፕላስተር ጠቅልላ በማግስቱ ንጋት ላይ ትመለሳለች። እንግዲህ የአሰልጣኟ ሥራ ይህን ሁሉ አይታ የማታውቅ የ18 ዓመት ልጅ በማግስቱ እንድትመለስ ማድረግ ነው።

## ከተማሪነት እስከ ወርቅ

ባለታሪካችን በ1970ዎቹ መጀመሪያ የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበረች። አባቷም እዚያው ቀዝፏል። ለሴቶች ግን ነገሩ ገና ጥሬ ነበር። ዩኒቨርሲቲው የሴቶችን ስፖርት በይፋ ከወንዶቹ እኩል ደረጃ ያስገባው በ1974 ነው። በዓመቱ የዊስኮንሲን ሴቶች በባለ ስምንት ጀልባ የአሜሪካ ሻምፒዮን ሆኑ። በዚያው በ1975 እንግሊዝ ኖቲንግሃም ላይ በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና የአሜሪካ ጀልባ ከምሥራቅ ጀርመን ቀጥሎ ብር አገኘ። እሷም ውስጡ ነበረች።

የሴቶች ቀዘፋ ኦሎምፒክ የገባው በ1976 ሞንትሪያል ላይ ነው። ምሥራቅ ጀርመን ወርቅ፣ ሶቭየት ኅብረት ብር፣ እሷ ያለችበት የአሜሪካ ጀልባ ነሐስ ወሰዱ። ጀልባው ውስጥ ከየል ዩኒቨርሲቲ የመጣች ልጅም ነበረች። የልን ያነሳሁት በምክንያት ነው። በዚያው ዓመት የየል ወንድ ቀዛፊዎች ከልምምድ በኋላ ጀልባ ቤቱ ውስጥ ገላቸውን ሲታጠቡ፣ ሴቶቹ ሻወር ስላልነበራቸው በላብና በወንዝ ውኃ እንደራሱ አውቶቡስ ውስጥ ቁጭ ብለው ይጠብቋቸው ነበር። በብርድ ማለት ነው። በማርች 1976፣ 19 ሴት ቀዛፊዎች የሴቶች ስፖርት ኃላፊዋ ቢሮ ገብተው ልብሳቸውን አወለቁ። ገላቸው ላይ ታይትል ናይን የሚባለው የጾታ እኩልነት ሕግ ስም ተጽፏል። ካፒቴናቸው መግለጫ አነበበች። በማግስቱ ኒው ዮርክ ታይምስ ዘገበው። ሻወሩም ተሠራ። ያኔ የሴቶች ቀዘፋ አሰልጣኝ መሆን ምን ማለት እንደነበረ ከዚህ በላይ የሚናገር ነገር አላውቅም።

ቀጥሎ 1980 መጣ። አሜሪካ በሶቭየት የአፍጋኒስታን ወረራ ሰበብ ሞስኮ ኦሎምፒክ አልሄድም አለች። የእኛው ምሩጽ ይፍጠር ማርሽ ቀይሮ በ5000 እና በ10,000 ሜትር ሁለት ወርቅ ሲያፍስ፣ እሷ ከነሙሉ ዝግጅቷ አገሯ ቁጭ አለች። በ1984 ተራው ተገለበጠ። ኢትዮጵያ ከምሥራቁ ጎራ ጋር ወግና ሎስ አንጀለስ ሳትሄድ ቀረች። ባለታሪካችን በ31 ዓመቷ ካሲታስ ሐይቅ ላይ ወርቅ ወሰደች፤ ሰዓታቸው 2 ደቂቃ ከ59.80 ሰከንድ ነበር። ምሥራቅ ጀርመንና ሶቭየት ስላልነበሩ ወርቁን የሚያሳንሱ አሉ። ሮማንያ ግን መጥታ ነበር፤ ሁለተኛ ወጣች። የሞስኮውን ዕድል ለተቀማች ሰው ይህን ማሳነስ ለእኔ ግፍ ነው።

ሰዓቱ ያጠረው ርቀቱ 1000 ሜትር ስለነበረ ነው። ወንዶች 2000 ሲቀዝፉ ለሴቶች ግማሹ ይበቃል ተብሎ ነበር። በኦሎምፒክ ሴቶች 2000 የተፈቀደላቸው በ1988 ነው። ይህ አስተሳሰብ ለእኛም እንግዳ አይደለም። የሴቶች ማራቶን ኦሎምፒክ የገባው በዚሁ በ1984፣ 10,000 ሜትር ደግሞ በ1988 ነው። ደራርቱ ቱሉ ባርሴሎና ላይ ወርቅ ስታጠልቅ ርቀቱ ለሴቶች ገና ሁለተኛ ኦሎምፒኩ ነበር።

## ሁለት እንጀራ በአንድ እጅ

አሰልጣኝነት የጀመረችው በ1977 ሃርቫርድ ነው። ሴቶቹ ያኔ የሚቀዝፉት ራድክሊፍ በሚለው በቀድሞው የሴቶች ኮሌጅ ስም ነበር። እስከ 1983 ቆየች። ዓመታቱን ልብ ላለ ሰው አንድ ነገር ግልጽ ይሆንለታል። የሞስኮ ዝግጅት፣ በ1981 ከአሜሪካ ጀልባ ጋር ያገኘችው የዓለም ሻምፒዮና ብር፣ ሁሉም የመጡት ቡድን እያሠለጠነች ነው። ራሷ ተወዳዳሪ ናት፤ በጎን ደግሞ የሌሎች ኃላፊ።

ይህ ጥቅም አለው። ተማሪዎቿ የምታዘውን ነገር ራሷ እንደምታደርገው ያውቃሉ። ጉዳቱ ግን የሙያው ነው። በዚያ ዘመን የሴቶች ቡድን ማሠልጠን ሙሉ ሥራ ተደርጎ አይቆጠርም ነበር። ለብዙዎቹ ክፍያው ትንሽ፣ ውሉ አጭር ነው። ከእሷ ትውልድ ብዙ ጎበዝ ቀዛፊዎች ሜዳሊያቸውን ይዘው ወደ ሕግ፣ ወደ ሕክምና፣ ወደ ንግድ የሄዱት ለዚህ ይመስለኛል።

እሷ ግን ከወርቁ በኋላ ተመለሰች። ከ1988 እስከ 1998 ቦስተን ውስጥ ኖርዝኢስተርን ዩኒቨርሲቲን አሠለጠነች። አሥር ዓመት ሙሉ። ብዙ የሚወራለት ዘመን አይደለም። ክረምት ሲመጣ ወንዙ በረዶ ይሠራል፣ ቡድኑ ቤት ውስጥ ማሽን ላይ ይቀዝፋል፣ ሲቀልጥ ይወጣል። ሙያው ግን እዚያ ነው የተገነባው።

## ሕጉ፣ ፉትቦሉና ሥራው

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ቀጥሎ የመጣው ሥራ ያለ ሁለት ነገሮች አይኖርም ነበር።

አንደኛው ታይትል ናይን የሚባለው የ1972 ሕግ ነው። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል የትምህርት ተቋም በጾታ ማዳላት አይችልም ይላል። ጽሑፉ ውስጥ ስፖርት የሚል ቃል አንድም ቦታ የለም። ትርጓሜው ቆይቶ ሲወጣ ግን ዩኒቨርሲቲዎች ራስ ምታት ያዛቸው። ሕጉን ማክበራቸውን ከሚያሳዩባቸው መንገዶች አንዱ የሴት ስፖርተኞች ድርሻ ከሴት ተማሪዎች ድርሻ ጋር መቀራረቡ ነው።

ሁለተኛው የአሜሪካ ፉትቦል ነው፤ የእኛው እግር ኳስ አይደለም። ትልልቆቹ ኮሌጆች ለአንድ የፉትቦል ቡድን 85 ሙሉ ስኮላርሺፕ ይሰጡ ነበር። ከዚያ በላይ ያለ ስኮላርሺፕ የሚጫወትም አለ። ሁሉም ወንድ ነው። ሴቶች ዘንድ የዚህ አቻ የለም። ታዲያ ሚዛኑ እንዴት ይስተካከል? ብዙ ሴት በአንድ ጊዜ የሚይዝ ስፖርት ይፈለግ ተባለ። ቀዘፋ ተገኘ። አንድ ቡድን 60 እና ከዚያ በላይ ልጆች ሊይዝ ይችላል፤ ለ20 ሙሉ ስኮላርሺፕም ተፈቀደለት። በ1997 የአሜሪካ ኮሌጆች ስፖርት ማኅበር፣ ማለትም ኤንሲኤኤ፣ የሴቶች ቀዘፋ ሻምፒዮና ጀመረ።

ነገሩን የሚያስገርም የሚያደርገው የወንዶቹ ነው። በአሜሪካ ኮሌጆች መካከል የመጀመሪያው የስፖርት ውድድር በ1852 ሃርቫርድና የል ያደረጉት ቀዘፋ ነው። እስከ ዛሬ ግን ኤንሲኤኤ የወንዶች ቀዘፋ ሻምፒዮና የለውም። ታላቁ ውጭ ቀርቶ ታናሿ ቤት ገባች።

የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ጉዳይ ደግሞ የዚህ ሁሉ ማሳያ ነው። በ1992 ሴት ተማሪዎች በዚሁ ሕግ ከሰሱት። በ1993 በስምምነት አለቀ። የሴቶች እግር ኳስና ሶፍትቦል ተጨመሩ፤ ቀዘፋም ተከተለ። በ1998 ደግሞ የመጀመሪያዋን አሰልጣኝ ቀጠረ። እሷን።

## ኦስቲን፦ ችግሩና የተወሰደው እርምጃ

ኦስቲን መሀል ከተማ ላይ ከኮሎራዶ ወንዝ የተገደበ ረጅም ጠባብ ሐይቅ አለ። ያኔ ታውን ሌክ ይባል ነበር፤ ከ2007 ወዲህ ሌዲ በርድ ሌክ ነው። የሞተር ጀልባ በአብዛኛው ስለተከለከለ ውኃው አይታወክም። በረዶም አይሠራም። ከዊስኮንሲንና ከቦስተን ለመጣ አሰልጣኝ ይህ ሎተሪ ነው።

የጎደለው ሰው ነበር። ቴክሳስ ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ ላይ የሚቀዝፍ ልጅ እንደ ማሳቹሴትስ ወይም እንደ ፊላዴልፊያ በየሰፈሩ አይገኝም። በግቢው በክለብ ደረጃ ሲቀዝፉ የነበሩ ተማሪዎች ነበሩ፤ የዩኒቨርሲቲ ቡድን ግን በእነሱ ብቻ አይቆምም። ተፎካካሪዎቹ እነ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ደግሞ የብዙ አሥርት ዓመታት ልምድ አላቸው።

ስለዚህ እንደማንኛውም አዲስ የቀዘፋ ፕሮግራም ከግቢው ውስጥ ሰው መፈለግ ግድ ነበር። ይህ በአሜሪካ ኮሌጆች የታወቀ ዘዴ ነው። አዲስ ተማሪዎች በሚመዘገቡበት ሳምንት አሰልጣኞች ጠረጴዛ ዘርግተው ይቆማሉ። ረጅም ልጅ ስታልፍ ጠብ እርግፍ ብለው ያስቆሟታል። “ስፖርት ትሠሪያለሽ?” ቅርጫት ኳስ የተወች፣ ዋና የሰለቻት፣ መረብ ኳስ ያልተሳካላት፣ ሁሉም ይፈለጋሉ። ከመጡት ብዙዎቹ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ይጠፋሉ። የቀሩት በሁለት ዓመት ውስጥ ከአገሪቱ ምርጦች ጋር የሚቀዝፉ ይሆናሉ። ራሷም ኮሌጅ ገብታ የጀመረች ስለነበረች ይህ መንገድ እንደሚያደርስ ከሌላው ይልቅ ታውቃለች።

የሻምፒዮናው አሠራር ሌላ ሸክም ይጨምራል። ዋንጫው የሚሰጠው ለአንድ ፈጣን ጀልባ አይደለም። እያንዳንዱ ኮሌጅ ሁለት ባለ ስምንትና አንድ ባለ አራት ጀልባ ያቀርባል፤ የሦስቱ ነጥብ ይደመራል። መሪዎቹ ሲጨመሩ 23 ሰው መሆኑ ነው። ስለዚህ ሃያኛዋ ቀዛፊም ጎበዝ መሆን አለባት። ስምንት ኮከብ ሰብስቦ ዋንጫ ማምጣት አይቻልም። ለአዲስ ፕሮግራም ከዚህ የከፋ ደንብ የለም።

## የሠራውና ያልሠራው

ቡድኑ ቆመ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሕግ ስላስገደደ ብቻ የተቋቋመ ስፖርት ለስም ያህል ኖሮ ሊቀር ይችላል። እሷ በቆየችባቸው 16 ዓመታት ግን ስኮላርሺፑ፣ ጀልባዎቹ፣ የልምምድ ሥርዓቱ፣ ቀዛፊዎችን የማሳደግ ልማዱ ሥር ሰደደ። በኮንፈረንስ ደረጃ፣ ማለትም ኮሌጆች ተቧድነው በሚወዳደሩበት ሊግ፣ ሻምፒዮን የሚሆን ቡድን ወጣ።

የአገሪቱ ዋንጫ ግን አልመጣም። በ2014 ኃላፊነቷን ለቀቀች። በእሷ ቦታ የተቀጠረው ካሊፎርኒያ በርክሊን በ2005 እና በ2006 የአገሪቱ ሻምፒዮን ያደረገ አሰልጣኝ ነው። ወንድ ነው። ቴክሳስ በ2021 ፍሎሪዳ ሳራሶታ ላይ የመጀመሪያውን ዋንጫ አነሳ። በ2022 ደገመው። በ2024 ሦስተኛውን ጨመረ።

ቸኩሎ የሚያነብ ሰው “አያችሁ፣ አሰልጣኝ ሲቀየር ነው የተሳካው” ይላል። እኔ እንዲህ አላነበውም። አዲሱ አሰልጣኝ ሁለት ዋንጫ በእጁ ይዞ፣ የቆመ ቡድን ተረክቦ፣ ለመጀመሪያው ድል ሰባት የውድድር ዘመን ፈጅቶበታል። ይህ የእሱን ችሎታ አያሳንስም። ከሌላ ቦታ በቀዘፋ የበሰሉ ልጆችን የመሳብ አቅሙ ትልቅ ነው። ግን በቀዘፋ የበሰለች ልጅ ቴክሳስን መምረጥ የምትችለው ቴክሳስ ውስጥ የምትመርጠው ነገር ካለ ነው። በ1998 የሚመረጥ ነገር አልነበረም። ከምሥረታው እስከ መጀመሪያው ዋንጫ 23 ዓመት ነው፤ ከዚያ ውስጥ 16ቱ የእሷ ናቸው። መሥራቿ ይህን ድል ለማየት ደርሳለች፤ ያረፈችው በዚያው በ2021 ዲሴምበር ነው።

በሌላ በኩል ከግቢ ብቻ ሰው የመሰብሰቡ መንገድ ጣሪያ እንዳለው መካድ አይቻልም። ከ2000 በኋላ ጠንካሮቹ ኮሌጆች ከእንግሊዝ፣ ከኒውዚላንድ፣ ከአውስትራሊያ ሳይቀር ልጆች ማምጣት ጀመሩ። ከአሥራ ምናምን ዓመቷ ጀምሮ የምትቀዝፍን ልጅ በሁለት ዓመት ሥልጠና መድረስ ከባድ ነው። ጀማሪን የማብቃት ጥበብና የበሰለን የመመልመል ጥበብ ሁለት የተለያዩ ሙያዎች ናቸው። አንድን ሰው ሁለቱንም አልቻለም ብሎ መውቀስ ልክ አይመስለኝም። ዩኒቨርሲቲው ግን ሁለቱንም ከአንድ ሰው ነው የሚጠብቀው።

## ለሌላ ሥራ የሚተርፍ

ከዚህ ጉዳይ የምወስደው የመጀመሪያው ነገር የግምገማ ነው። አዲስ ክለብ፣ አዲስ ትምህርት ቤት፣ አዲስ ድርጅት የሚያቋቁም ሰው ሲቀጠር መመዘኛው አብሮ ይጻፍ። ስንት ጀማሪ ገባ? ስንቱ ዓመቱን ጨረሰ? ከሄደ በኋላ ምን ቀረ? እነዚህ ሊቆጠሩ የሚችሉ ናቸው። ዋንጫ ብቻ የሚቆጥር አሠሪ መሥራቹን ሁሌም ያሰናብታል።

ሁለተኛው መራራ ነው። ታይትል ናይን ሲወጣ፣ በ1972፣ ከሴቶች የኮሌጅ ቡድኖች 90 ከመቶ በላዩን የሚያሠለጥኑት ሴቶች ነበሩ። በ2014፣ እሷ በለቀቀችበት ዓመት፣ 43 ከመቶ አካባቢ ደርሶ ነበር። ሕጉ ለሴት ተጫዋቾች በር ከፈተ። በሩ ሲከፈት ደመወዝ መጣ፤ ደመወዝ ሲመጣ ወንዶችም መጡ። ማንም በክፋት አላደረገውም ሊባል ይችላል። ግን በጀት ሲጨምር ያ ሥራ በማን እጅ እንደሚቀር አስቀድሞ ያላሰበ ሁሉ ይህ ይደርስበታል። በአገራችን ሴት ሯጮች ብዛትና በሴት አሰልጣኞች ብዛት መካከል ያለውን ልዩነት የሚያይ ሰው ሩቅ ሳይሄድ ይገባዋል።

ሦስተኛው አሜሪካ ላሉ ወላጆች ነው። ቀዘፋ የሀብታም ፈረንጅ ልጆች ጨዋታ ነው ብለው አይለፉት። በአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፣ ስንት ሐበሻ ባለበት ከተማ፣ የሕዝቡ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፖቶማክ ላይ የሚቀዝፍ ቡድን አለው። ሲያትልም ሐይቅ በሐይቅ ናት። ልጅዎ ረጅም ከሆነችና ድካም የማትፈራ ከሆነ ቀዝፋ ባታውቅም ኮሌጅ ስትገባ መሞከር ትችላለች። ስለ ገንዘቡ ግን አስቀድመው ይጠይቁ። ቀዘፋ ላይ ስኮላርሺፕ ለብዙ ልጆች ተከፋፍሎ ነው የሚሰጠው፤ ሙሉ የምታገኘው ጥቂቷ ናት። እነ ሃርቫርድና የል ደግሞ የስፖርት ስኮላርሺፕ የሚባል ነገር የላቸውም፤ የሚረዱት በቤተሰብ ገቢ ነው። ከ2025 ወዲህ በትልልቆቹ ኮሌጆች የስኮላርሺፕ ገደቡ ተነስቶ በምትኩ የቡድኑ ብዛት በ68 ተወስኗል። ለጀማሪ የሚተርፈው ቦታ ሊጠብ ስለሚችል አሰልጣኙን በቀጥታ መጠየቅ ይሻላል።

ዋና መቻል ግን የግድ ነው። አብዛኞቹ ቡድኖች ጀልባ ላይ ከማውጣታቸው በፊት የዋና ፈተና ይሰጣሉ።